አገር ስጠኝ

ከሌሊት ጥበቃ ሲነጋ ስገባ፣
ዓይኔ እንቅልፍ አጥቶ ሚጥሚጣ የተቀባ፣
ረውዳ ነቅታለች።
እግሯን አጣጥፋ ፍራሹ ላይ አለች፤
የሌሊቱን ሁሉ ቋጥራ ጠብቃለች።

«አባ፣ ኤሲው ለምን ሌት ተቀን ያለቅሳል?
ባልዲው ጢም ሲልለት ዕንባው የት ይፈሳል?
ሊፍት ውስጥ ያለችው፣ ‹በር ተከፈተ› ባይ፣
መኝታዋ የት ነው? ምድር ቤት ወይስ ላይ?
ባሕሩ ላይ ማነው ጨው ያበዛበት?
ዓሣው ውሃ ሲጠማው የት ይሂድ? የማን ቤት?»

አንዱን ሳልሸኘው ሌላኛው ይቀርባል፣
እንደ ሮላ አውቶቡስ ተጋፍቶ ይገባል።

እኔ እኮ ሥራዬ መልስ መስጠት ነው፤
አሥራ አራቱ ፎቅ እኔን ነው ’ሚጠይቀው፦
«ሐሪስ፣ ውሃው ጠፋ!» «ሐሪስ፣ የጋዙ ሰው?»
«ሐሪስ፣ ይሄን መኪና እዚህ ማን አቆመው?»
ለሁሉም መልስ አለኝ፣ በዓረብኛ፣ በህንድኛ፤
ቤቴ ስገባ ነው ምላሴ ’ሚተኛ።

ሉባባ ብልጥ ናት። ሻርፗን ጠምጥማ
«አባትሽ ያውቀዋል» ትላለች ቀድማ፤
የሰው ልብስ ልትተኩስ ላውንደሪ ስትሄድ፣
ጥያቄው ለኔ ነው፣ ለእርሷ ነው መንገድ።

እኔ በልጄ ዕድሜ፣ ያኔ፣ ሐርቡ ሳለሁ፣
አባቴን አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅሁ፦
«ቦርከና ሲወርድ የት ነው የሚገባ?»
መልሱ ኩርኩም ነበር፣ ተከትሎት ዕንባ።
ኋላ ነው ያወቅሁት፦ አዋሽ ነው ’ሚገባው፣
አዋሽም ባሕር ሳያይ በረሃ ነው ’ሚጠጣው።
ወንዙ ያልደረሰበት
እኔ ደረስኩበት፤
ጥበቃ ተቀጠርኩ ባሕር ካለበት።

በረውዳ ግን፣ ወላሂ፣ እጄ አይነሳም።

አንድ ጁምዓ ታዲያ፣ ኮርኒሹ ሣር ላይ፣
ላርፍ ብዬ ዘየድኩ፦ «እንጫወት ወይ?
እንቆቅልሽ ስልሽ ‹ምን አውቅልህ› በይ፤
ያላወቀ ይሰጣል አገር ከነሰማይ።»

ስህተቴ እሱ ነው። ደንቡን ጨበጠችው።

«ጥላዬ ሲመሽ የት ያድራል?» አላወቅሁም። ሰጠሁ ደሴን።
«ሊፍት አለው?» አለች፣ ቀና አርጋ ራሷን።
«ግመል ሲስቅ ድምፁ?» ሄደ ባቲ፣ ከነገበያው።
«መብራት ሲጠፋ የት ይሄዳል?» ኮምቦልቻ፣ ከነፋብሪካው።
በሳምንት ጊዜ ውስጥ ወሎ ተሸነሸነ፣
ከሐርቡ በቀር አንድ ወረዳ አልዳነ።
ረቡዕ ሐርቡም ሄደ፣ ከነወንዙ።

እጄ ሲነጣ ጊዜ «ሻርጃን ሰጠሁሽ» አልኳት።
«ሻርጃ ያንተ ናት?»

ዛሬ ጠዋት ደግሞ፣ ኤሲውንም፣ ዓሣውንም ጨርሳ፣
ዝም አለች ጥቂት፣ የምትለው ያለቀባት መስላ።
«እንቆቅልህ» አለች።
«ምን አውቅልሽ?» አልኳት።
«እማዬ ማታ በስልክ ስታወራ ሰማኋት፤
‹ኢቃማችን ሊያልቅ ነው› ብላለች፣ ሁለቴ።
ኢቃማ ሲያልቅብን
እኛም እናልቃለን?»

ኤሲው ጠብ አለ።
አላወቅሁም እንዳልል ያልሰጠሁት አገር የለኝ፤
አወቅሁ እንዳልልም ቃሉ ከየት ይምጣልኝ?
መዳፏን ዘርግታለች፣ እንደ አበዳሪ።
«አገር ስጠኝ፣ አባ።»
«አለቀ፣ የኔ ልጅ።»

አየችኝ። ዓይኔን፣ የደንብ ልብሴን፣
አንድ እግሬ ላይ የቀረውን ጫማ።
ከዚያ መዳፏን ገልብጣ እጄ ላይ ጫን አደረገች፣
የማይታይ ነገር እንደምታኖር ሁሉ፦
«ሐርቡን መለስኩልህ። ከነወንዙ።
ሂድና ተኛበት።»

ጎኔን ጣል አደረግሁ።
ቦርከና ከሩቅ ሲወርድ ይሰማኛል፣
ወይ ባልዲው ይሆናል፣ ጠብ፣ ጠብ።

«አባ?»
«እ?»
«ተኛህ?»
«አዎ።»
«ተኝተህ ከሆነ፣ ማነው ‹አዎ› ያለኝ?»