ምክንያቱ አልታወቀም

ጓንት አጥልቃ መጣች፣ ነጭ ጓንት፣ እንደ ሐኪም፤
ሦስት ኪሎ ወረቀት። ስወለድ እንኳ ይህን ያህል አልመዘንኩም።
«እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ አባባ» ስትለኝ
ዮኒዳ፣ የመዝገብ ቤቷ ልጅ፣ ብዕሩ ከበደኝ።
አንዴ ፈርሜያለሁ፤
ላልነበርኩበት ሌሊት፣ ላልወጣኝ ቃል፣
በአራተኛው ቀን፣ እንደቆምኩ እንቅልፍ ሲጥለኝ።

ሽኮድራ ነው ይህ፤ ከመስኮቱ ማዶ ሐይቁ ይታያል፣
አንድ ሽማግሌ ጎመን ጭኖ በብስክሌት ያልፋል፤
ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ጉልበቴ ከሬዲዮ ቀድሞ ያውቃል።
የመዳብ ጉድጓድ ውኃ አሥራ አንድ ዓመት ቆሞበታል።

ወንጀሌ ቲማቲም ነበር።
ጎህ ሳይቀድ ተሰልፈን፣ ብርዱ ጥርሳችንን ሲያጋጨው፣
«እሱ እስኪመጣ እኛው በሰልን» አልኩ።
ሰባቱም ሳቁ። አንዱ ስቆ ጻፈ።
ዳኛው «ቅስቀሳ» አለው፤
ሚስቴ ድራኔ፣ በሽቦው በኩል፣ «ምላስህ!» አለች፣
ምን ይደረግ፣ እሷም ልክ ነበረች።

ሰዎች ስለ ዱላው ይጠይቁኛል።
ዱላ ይረሳል፤ ገላ ይሽራል፣ ይጠግጋል።
ያልሻረው የካልሲ ነገር ነው።
ከኮል ጋር አንድ ደረቅ ካልሲ ነበረን ለሁለት፣
እሱ በቀን ፈረቃ፣ እኔ በሌሊት፤
ሲወጣ አውልቆ፣ ሲሞቅ አቀብሎኝ፣
የእግሩን ሙቀት አጥልቄ ስወርድ፣ ጨለማው ወንድም መሰለኝ።
በየካቲት ጣሪያው ኮል ላይ ተናደ።
ካልሲው ቀኑንም ሌቱንም የእኔ ሆነ።
እግሬ ሞቀ።
ይህን ለድራኔም አልነገርኳት።

ገጽ ሰማንያ ሦስት።
ጆሮ ጠቢው ሲጽፍ እጁ ቆንጆ ነው፣ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አይስትም፦
«‘ቁራ’» (እኔ ነኝ) «ረፋድ አራት ሰዓት ከሃያ ከቤቱ ወጣ።
ኮቱ አንድ ቁልፍ ይጎድለዋል። እያፏጨ ሄደ።
ድልድዩ ላይ ቆሞ ለዳክዬዎች ዳቦ ወረወረ።
ብቻውን ሳቀ። ምክንያቱ አልታወቀም።»

እኔ? ሳፏጭ?
ድራኔ የለችም ልጠይቃት፤
ፎቶዎቹን እናቴ ምድጃ ከታቸዋለች፣ የፈታሾቹ መኪና ድምፅ ሲሰማት።
ከዚያ ዘመን ከፊቴ የተረፈልኝ
ይኸው ነው፤ የሸጠኝ ሰው ያስቀመጠልኝ።

«ስሙ እዚህ አለ፣ ሕጉ ይፈቅዳል» አለች ዮኒዳ፣
የታሸገ ፖስታ በጓንቷ ይዛ።
ከሰባቱ ሦስቱ በሕይወት አሉ።
አንዱ ዜፍ ነው፣ ፀጉር አስተካካዬ፤
ምላጩ አንገቴ ላይ ሲያልፍ እጁ አይንቀጠቀጥም።
«ይቅርብኝ» አልኳት።
ምሕረት አይደለም፣ እንዳትሳሳቱ፤
ፀጉሬ ያድጋል፣ ሌላው ፀጉር ቤት ሩቅ ነው፣ ጉልበቴም አያደርሰኝም።

«የዚችን ገጽ ግልባጭ ብቻ ስጪኝ።»
«አንድ ገጽ?»
«የሳቅኩባትን።»

ስወጣ ዝናቡ ጀመረ። ወረቀቷን ከሸሚዜ ሥር ሸጎጥኳት።
ድልድዩ ላይ ቆሜ ለማፏጨት ሞከርኩ፤
ከንፈሬ ትንፋሽ ብቻ አወጣ፣
ዳክዬዎቹ ግን ቀና አሉ፣ ዳቦ መስሏቸው።
ያኔ ሳቄ መጣ፣
ወደ ኋላ ዞር አልኩ፣ እንደ ልማዴ፤

የሚጽፍ አልነበረም።