ከአርባው በፊት

ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎክ ሰማንያ ሁለት፣
ድንኳኑ በተነቀለ ማግስት፣
የእድሩ ጸሐፊ እኔ፣ ደብተሬን ታቅፌ፣
አራተኛ ፎቅ ወጣሁ፣ በየደርቡ አርፌ።

«እትዬ ደብሪቱ፣ የጋሽ ሽብሩን ሞት
ወረዳው ይፈልጋል፣ በሠላሳ ቀናት።»

ቀና አለች፣ ነጠላዋን እንደዘቀዘቀች፤
«ጠፍቶባቸው ነው ወይ?» ብላ ጠየቀች።
«ሞቱማ እዚህ አለ፣ ከእኔው ጋር ነው 'ሚያድር፣
ጫማው ውስጥ፣ ጋቢው ሥር፣ ከአልጋዬ ዳር።
ደግሞስ አርባው ሳይወጣ፣ ነፍሱ ሳትሰናበት፣
በምን አፌ ልበል፣ ‹ሞቷል፣ ጻፉለት›?»

ሕግ ነው አልኳት። ቅጣት አለው ካለፈ።
ዓይኔ ግን ጫማው ላይ ሄዶ አረፈ።

በሃያ ዘጠነኛው ቀን ወረድን ቢሮ፣
መታወቂያው በመሐረብ ተቋጥሮ፣
የሐኪም ወረቀት፣ ሁለት ምስክሮች፣
በተውሶ ክራቫት የተነሣቸው ጉርድ ፎቶዎች።

ልጅቷ ኮምፒዩተሩን ነካካች፣ ጠበቀች።
«ኔትወርክ የለም። ነገ ተመለሱ» አለች።

ልቆጣ አፌን ስከፍት
ደብሪቱ ክንዴን ያዘችኝ፤
ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ
ፈገግ ስትል አየሁ፦

«ተዋት ልጄ።
አንድ ቀን ጨመረችለት።»