የላባ ዝንብ

በግንቦት አጋማሽ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ጉሙ ሳይገለጥ ከታቦር ተራራ፣
አባቴ ይነሳል፤ ዶሮ አይቀሰቅሰው፤
ዶሮው አኩርፏል፤ አንገቱን ብርድ ነው የጨረሰው።

የጎረቤት ዶሮ፣ የእነ አቶ ላሊማ፤
ላባውን የነጨሁ እኔ ነኝ፣ በጨለማ፣
አንድ እጄ ምንቃሩን አፍኖ፣
ቀዩን ከወርቃማው ለይቼ፣ ጉልበቴ ቄጤማ ሆኖ።

ክዳኑ የዛገ የጫማ ቀለም ጣሳ፤
ውስጡ ሃያ ሦስት ዝንብ፤ ቢከፍቱት አይነሳ፤
ማር የማያምረው ዝንብ፣ ቁስል የማይወድ፣
ከክርና ከላባ፣ በጥርስ ተቋጥሮ የሚወለድ።

ባሌ ነው የለመደው፣ ዲንሾ፣ በወጣትነቱ፤
አጥንት ይልሳል ይላል የወንዙ ብርዱና ጥራቱ፤
ፈረንጆች ሊያጠምዱ ሲመጡ፣ እሱ ጓዝ ተሸካሚ፤
ዓሣው ትራውት ይባላል፤ ጎኑ ነጠብጣብ፣
ጥላ ተጠራጣሪ፣ ኮቴ ሰሚ።
ይዘው ይለቁት ነበር።

ይህ መልቀቅ ነው እንግዲህ ቤታችንን ያመሰው።
«የጠገበ ጨዋታ! ዓሣ ይዞ የሚለቅ፣ ምን ያለ ነው ሰው?»
ትላለች እናቴ፣ ሽንኩርት እየከተፈች፤
ድስቱን ጥዳ ትጠብቃለች፤ ስንት ግንቦት ጠበቀች።

እዚህ ደግሞ ትራውት የለም።
ሐዋሳ ያላት ቆሮሶ ነው፤ አምባዛም አላት፣ ባለ ጢም።
በአሞራ ገደል ስናልፍ፣ መረብ ጠጋኙ ሁሉ በጀልባው እንዳለ
ይጮህብናል፦ «ጋሽ ገመዳ ዛሬም ውሃ ሊገርፉ! ውሃው ምን በደለ?»
ከሁሉ የዱካሞ ሳቅ ይረዝማል።
አባ ኮዳ እንኳ፣ ያ መላጣ ሽማግሌ፣ አንጀት ለማኝ፣
አንዴ አይቶን ፊቱን ያዞራል፤ ከእኛ ምን ሊያገኝ።

ጥቁር ውሃ ደረስን። ስሙ ነው እንጂ ጥቁር፣
መልኩ ሻይ በወተት፤ ሌሊት የዘነበው አፈር
ገና አልሰከነም። ድልድዩ ላይ ባጃጅ ያንኳኳል።
አባቴ ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ጭቃው ውስጥ ይቆማል።

ዘንድሮ ዓይኑ ከድቶታል።
የመንጠቆው ቀዳዳ ሁለት ሆኖ ይታየዋል፤
ክሩን የማሾልክ እኔ ነኝ፤ እሱ እስክጨርስ ድረስ
ወደ ፊላው ዞሮ ወፍ ይቆጥራል፣
እንደ ሥራ ፈት፣ እንዳልቸገረው ሰው።

ከዚያ ዘንጉን አነሳ።
ክሩ ወደ ኋላ ሄደ፤ ጠበቀው፣
ስም ጠርቶ «አቤት» እስኪሉት እንደሚቆም ሰው፤
ከዚያ ወደ ፊት፣ ሳይቸኩል፣ ለቀቀው፤
ዝንቧ አረፈች፤ ውሃው እንኳ አላወቀው።

ምንም።
ደግሞ። ምንም።
ፀሐይ ወጣች፤ የላሞች ድምፅ መጣ፤ ምንም።
«እንኪ» አለኝ፤ ዘንጉን ሰጠኝ፤ ሌላ አልተናገረም።

የመጀመሪያው ውርወራ ሹራቡን ያዘ፤ ነቀልኩት።
ሁለተኛው ፊላ። ሦስተኛው፣ እኔም አላየሁት፣
ውሃው ከንፈሩን መጠጥ አደረገ፣
ክሩ ከመዳፌ ውስጥ እንደ ሕያው ሸሸ፣ ፈረጠጠ፣ ደረገገ።

እጁን ውሃ ነክሮ ተቀበለኝ፤ በደረቅ እጅ ዓሣ አይነካም፤
ይህንንም ከዲንሾ ነው ያመጣው፣ አልረሳም።
ፊቱን አስጠግቶ፣ ዓይኑን አጥብቦ፣
«ነጠብጣብ አለው?» አለኝ፣ እንደ ልጅ ጓጉቶ፣ ተርቦ።

የጭቃ ፍንጣሪ ነበር፤ ቆጠርኩለት፤
«ሰባት» አልኩ። ድምፄ ሲያታልል ሰማሁት።
ዝም አለ። ዓሣው በመዳፉ ይተነፍሳል።
«ቆሮሶ ሰባት ነጠብጣብ የት ያውቃል?»
ብሎ ሳቀ፣ ትከሻው እስኪናወጥ፤
«ፌስታሉን ክፈቺ፤ ሽንኩርቱ ሳይሻግት፤ ዛሬስ እናትሽ ትቅመስ።»

ስንመለስ ዝንቧን አየሁ፤ ላባዋ ተጨራምቷል።
«ሌላ እንሠራለን» አለ። «ላባ ያስፈልጋል።»
በአቶ ላሊማ አጥር ስር፣ ረፋዱ ላይ፣ ስናልፍ ተጣበን፣
ያ ዶሮ፣ ስንት ቀን አኩርፎ የከረመው፣ ጮኸብን።