ቆሽት

ውጭ የሙኒክ ውርጭ መስኮቱን ይልሳል፤
ኮርቢንያን ከቄራ ባልዲ ይዞ ይደርሳል፤
የአሳማ ቆሽት ነው፣ ገና የሚጨስ።
ክሬሴንስ ትከትፋለች፣ ታጠላለች በጨርቅ፣
ከባልዲ ሙሉ ሥጋ ጠብታ ኢንዛይም እስኪፈልቅ።

ውሻው ጠረጴዛ ላይ አንቀላፍቶ ተኝቷል፤
ጠብታዋ ደሙ ውስጥ ገባች፤
መርፌው በጥላሸቱ ቁልቁል ይንሸራተታል፣
የደም ግፊቱ ለዝቧል።
ሐኪሞቹ ተጨባበጡ።
ክሬሴንስ ግን እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አየች፦
ትናንት ጠብታዋ የነካችው ጭረት
ቀልቷል፣ አብጧል፣ ተቆጥቷል እንደ እሳት።

«ምን ጉድ ነሽ?» አለቻት ለብልቃጡ ጠጋ ብላ፣
«ደሙን ታበርጂና ቁስሉን ታስቆጪ ኋላ?»

በር ከፋች ናት እንጂ ሌላ ሥራ የላት፤
የሥሩ በር ሲሰፋ ግፊቱ ወረደላት፣
በዚያው በር ውሃው ሾልኮ ቆዳዋን ነፋባት።

እኛ የተናደደን ሰው «ቆሽቱ አረረ» ስንል
እሳቱን ብቻ ነው ያወቅነው፤
ማብረጃው ከዚያው ጓዳ እንደሚቀዳ
ባልዲ አጣቢዋ ቀድማ አየችው።

በሩ ተደበደበ። ኮርቢንያን፣ ሁለተኛ ባልዲ፣
ፊቱ ቲማቲም መስሎ፦
«የሦስት ሳምንት ሒሳቤስ?»

ክሬሴንስ ብልቃጡን አየች፣
ከዚያ እሱን።