የላስቲክ ትል

ቦርከና ደፍርሶ፣ ከድልድዩ ግርጌ፣
ሙሄ ትል ይቀርጻል ከኮንጎ አሮጌ፤
ወይን ጠጁን ላስቲክ በምላጭ ሸርክቶ፣
ጭራውን አቅጥኖ፣ ጭንቅላት አውጥቶ፣
የመንጠቆውን ጫፍ ከሆዱ ደብቆ፣
ሣር እንዳይዝበት ሰርስሮ፣ አጥብቆ።

ክሩ ከጨርቃ ጨርቅ፣ ከዘምዘም ፈረቃ፤
እርሳሱ የባትሪ፣ የሲኖትራክ ዕቃ።

«ጭቃው ትል በትል ነው፣ ምን ያደክምሃል?»
«እሱማ ይሞታል፣ ይሄኛው ይኖራል።»

ወርውሮ ጎተተ፤ ቆም አለ፤ ነቅነቅ፤
ውሃው ጸጥ እንዳለ ክሩ አለ ጥብቅ።
አምባዛው ጎረሰ፣ ቀመሰው፣ ተፋና
ጢሙን አስከትሎ ሰመጠ ቦርከና።

ትሉን አገላብጦ የጥርስ ፈለግ አየ፤
«ይሄስ ጎበዝ» አለ፣ «ቶሎ ነው የለየ።
ደላላው ለእኔማ የጣለልኝ ለታ፣
እስከ ኦቦክ ድረስ ዋጥኩት በዝምታ።»

ከዚያ ምራቅ ቀባው፤ መልሶ ወረወረ።
ከድልድዩ በላይ ሲኖትራክ ተሻገረ።