የተጋደመ መስኮት

ሥራዬ መለካት ነው። ሜትሬ በኪሴ፣
ደንቡ በብብቴ፣ ጉሙ እስከ ራሴ፣
ከወደቡ ሽቅብ ዳገቱን ወጣሁት፣
የቨርና ኮርከምን አዲስ ቤት አየሁት።

በኖቫ ስኮሺያ ጠረፍ ስሟን የማልጠራት
ትንሽ ከተማ ናት፤
ግድግዳዋ ሳንቃ፣ ቀለሟ የደመቀ፣
ቀዩ የሚጣራ፣ ቢጫው የቦረቀ።
ዓሣ አጥማጁ ድሮ፣ ባሕሩ ሲጨልም፣
ቤቱን እንዳይስተው ምልክት ነው ቀለም
ይላሉ ሽማግሌዎች። እኔ እንጃ።
ዛሬ ለቀለምም ይጠየቃል ማስረጃ፤
ጣሪያ በዚህ ይሹል፣ ደጃፍ በዚህ ይጥበብ፣
መቶ አርባ ገጽ ነው፣ ተጠርዟል፣ ይነበብ፤
ገጽ ስልሳ ሁለት ላይ፦ "መስኮት ሁሉ ይቁም፤
ቁመቱ ከወርዱ እጥፍ ሆኖ ይርዘም።"

ቨርና መስኮቷን አጋድማዋለች፣
ከጥግ እስከ ጥግ ድረስ ዘርግታዋለች።

"ለምን?" አልኳት። ዝም።
በሩን ከፈተችው። ሰፊ ነው በሩም፤
ደረጃ የለውም፣ ደንቡ ግን ሦስት ይላል፣ ከጥቁር ድንጋይ፤
መዘገብኩ። ገባሁ። ባለ ጎማ አልጋ፤ አልጋው ላይ
ወንድሟ ኤልሮይ፤
አርባ ዓመት መረብ የጎተተው ክንዱ
አንሶላው ላይ ተጥሏል፣ እንደ አሮጌ ገመዱ።

"የቆመ መስኮት" አለኝ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ከባሕሩ፣
"ለተኛ ሰው ሰማይ ብቻ ነው።
ሰማዩ ላይ እደርሳለሁ፤ ምን ያስቸኩላል ነገሩ?"

ወለሉ ላይ ጋደም አልኩ። ለልክ ነው አልኩኝ።
ጀልባዎቹ ታዩኝ።
"አረንጓዴዋን እያት፤ እንዲህ ነው እንዴ የሚታሰር፣ ዘንድሮ!
የሂመልማን ልጅ ዛሬም አልገባው ቋጠሮ።"

ማታ ቢሮ ገብቼ የድሮ ሣጥን ፈታሁ፣
የካፒቴኑን ቤት ወረቀት አወጣሁ።
ያ ቤት ነው ኩራታችን፣ የደንቡ ሽፋን ፎቶ፣
ከበሩ በላይ ግንባሩ ወደ መንገድ ወጥቶ፣
ባለ አምስት ጎን መስኮት አዝሎ የሚታይ።
አንድ ጎረቤት፣ ሌአንደር ዝዊከር የተባለ፣ በቢጫ ወረቀት ላይ፦
"ይህ እባጭ ነው እንጂ መስኮት አይደለም፤ ያሳፍራል ለሰፈር፤
አባቶቻችን እንዲህ አልሠሩም፤ ይፍረስ፣ ሳያድር"
ብሎ ከስሷል።
ቀኑ ደብዝዟል፤ ቁጣው ግን እስካሁን ይፋጃል።

እኔ እንግዲህ የዚያ እባጭ ዘብ ነኝ፣
እንዳይነካ ብለው ወር በወር የሚከፍሉኝ።

ሐሙስ ሰባቱ ተሰበሰቡ።
ቨርና ከኋላ፣ ኮቷን ሳታወልቅ፣ ጓንቷን እያፍተለተለች።
"ስንዝር ከሰጠን ክንድ ይወስዳሉ" አሉ ወይዘሮ ቢያትሪስ ሃይስለር፤
ልክ ናቸው። አይቻለሁ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ
ከተሞች፣ ብርጭቆ ብቻ የሆኑ፣
ሰው የማያድርባቸው በብርድ ወራት።
የዝዊከር ደብዳቤ ኪሴ ነበር፤ አላነበብኩትም።
ተናጋሪ አይደለሁም። ሥራዬ መለካት ነው።
አራት ለሦስት። መስኮቱ ይቁም፣ እስከ ሰኔ፣
በራሷ ወጪ፣ በደንቡ መሠረት።

ውሳኔውን እንዳደርስ ተሰጠኝ።
ሳምንት አለፈው። ዳገቱ ነው እላለሁ፣ ለጠየቀኝ፤
ጉልበቴ ነው፤ ጉሙ ነው፤
ከሜትሬ ጋር ታጥፎ ኪሴ ውስጥ ነው ያለው።

ትናንት ማታ ከወደቡ ቀና ስል ቀለም ሁሉ ጠፍቷል፣
ቀዩንም፣ ቢጫውንም ጉም ውጦታል፤
አንድ ረጅም ብርሃን ብቻ ከዳገቱ ወገብ ተጋድሞ ቀረ።
የሂመልማን ልጅ ገባ፣ በእርሱ እያነጣጠረ፣
አረንጓዴዋንም፣ እንደ ልማዱ፣ አላልቶ አሰረ።