መስኮት ቁጥር ሦስት

ሬጅስትራር ነኝ እኔ፥ መስኮት ቁጥር ሦስት፤
ደብረ ማርቆስን የማያት በዚች ጠባብ መስኮት።
ሃያ ዓመት ሙሉ፥ ሲገቡ መዝገብ፥ ሲወጡ ማኅተም፤
በመሐል ያለውን ግን ጠይቄ አላውቅም።

የተመረቀማ ጋዋኑን ደርቦ
ይመጣል ሊሰናበት፥ በዘመድ ታጅቦ።
ሌላው ነው የሚከብደኝ፤ በየካቲት ፀሐይ፥
ውጤት በወጣ ማግሥት፥ ወረፋ ሲሳሳ፥ ሰው ሳያይ፥
ፍራሹን በገመድ አስሮ፥ ከበሩ ጥግ አቁሞ፥
ቅጹን ያቀብለኛል፥ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ።

አሥራ ሁለት ፊርማ አለው የመሸኛው ወረቀት፤
ቤተ መጻሕፍቱ ጽፏል፥ "መጽሐፍ የለበት"፤
ካፌው፥ "የምግብ ካርዱን መልሷል"፤
ዶርሙ፥ "ቁልፍ አስረክቧል"፤
ስፖርት ክፍል እንኳ ሳይቀር፥
ኳስ ነክቶ ለማያውቅ ልጅ "ኳስ የለበትም" ብሏል።
አሥራ ሁለት ዓይን አየው፥
አሥራ ሁለት እጅ ፈረመው፥
አንድም አፍ አልጠየቀው፤ የኔንም ጨምሮ ነው፦
"ልጄ፥ ምን ሆነህ ነው?"

አባቴ ቅኔውን የቆጠረው ዲማ፤
የኔታ ዓይነ ስውር፥ ጆሯቸው ግን ሲሰማ!
ጉባኤው ሲንጫጫ ከዋርካው ጥላ ሥር፥
የጎደለውን ድምፅ ይለዩት ነበር።
"የቢቸናው ልጅ የት ነው? ዛሬ አልሰማሁትም፤
ሂድ፥ ጎጆውን አንኳኳ፤ ታሞ እንደሁ አይታወቅም።"
እኛ ኮምፒውተር አለን፥ ካሜራ በየበሩ፤
ስንት እንደሄደ እናውቃለን፥ በመቶኛ ነው ቁጥሩ።
ማን እንደሄደ ግን፥
"እንጃ" ነው መልሳችን።

አምና ነው። አትጠገብ የምትባል መጣች፤
የሞጣ ልጅ፥ ሁለተኛ ዓመት ነች።
አሥራ አንዱ ተፈርሞ የኔ ብቻ ቀርቷል፤
እስክሪብቶዬ ደግሞ እንደ ልማዱ ደርቋል።
ቀለሙ እስኪወርድ ወረቀት ስሞነጫጭር፥
ዝምታው ከብዶኝ፥ እንዲያው ለወግ ስናገር፥
"ለምን ትሄጃለሽ?" አልኳት።
እንባዋ ቀደማት።

ሒሳብ በሁለት ነጥብ ወድቃለች። ማሟያ ፈተና ነበር።
ማስታወቂያው ሲለጠፍ ለአባቷ ተዝካር ሄዳ፥
ስትመለስ ተቀዷል፤ ሰሌዳው ባዶ ሰሌዳ።
ይኸው ነው በቃ። ለአንድ ቁራጭ ወረቀት ዲግሪ!
መስኮቴን ዘጋሁና ወጣሁ፤ ወረፋው አጉረመረመ።
ትምህርት ክፍሉ ድረስ ሁለት መቶ እርምጃ ነው፤
ሃያ ዓመት ያልተራመድኩት።
ኃላፊው ደንቡን ጠቀሰ፥ አንቀጽ ቆጠረ፥ መነጽሩን አወለቀ፤
"እሺ፥ ሰኞ ትምጣ" አለ።
ገና አልተመረቀችም። ግን አለች።

ከዕቃ ቤት የተጣለ አግዳሚ ከመስኮቴ ሥር አኖርኩ፤
ሦስት እግር ነበረው፥ አራተኛውን በድንጋይ ደገፍኩ።
ለዲኑም ጻፍኩ፦ "ሦስት ቀን ለቀረ ይደወልለት፤
የወደቀ ኮርስ በክረምት ይደገም፥ ዓመት አይቆጠርበት።"
"ጥናት ይደረግበት" ሲል መለሰው በቀይ፤
ጥናቱ እስኪያልቅ ልጆቹ ይቆማሉ ወይ?

እንየው ግን ሄደ። ተቀመጠ፥ ነገረኝ፤
አግዳሚው አልበቃውም፥ ምክሬም አነሰብኝ።
አባቱ አልጋ ይዘዋል፤ ደንበጫ ያለው ማሳቸው ጦም ሊያድር ነው፤
ታናናሾቹ ሦስት ናቸው።
ፈረምኩለት። ምን ላድርግ?
ከፊርማዎቹ ግርጌ ግን፥ በእርሳስ፥
አሥራ ሦስተኛ መስመር አሰመርኩ፦ "የሚመለስበት ቀን"።
ባዶውን ትቶ፥ ስልክ ቁጥር ጻፈበት።

ዛሬ መስከረም ነው። ምዝገባው ነገ ይዘጋል።
ደወልኩ።
ሕፃን አነሣው፦ "እንየው? ማሳ ነው። ልጥራው?"
"ጥራው" አልኩ፤ "አልዘጋም፥ እጠብቃለሁ።"
ወረፋው መስታወቱን ያንኳኳል።
እኔ ስልኩን ከጆሮዬ አጥብቄ እሰማለሁ፤
ጭቃ ላይ የሚሮጥ የልጅ እግር።